አንድ ቁጥር በሁለት ቤት

ዘመናይ ከረዲያ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ወር አለፋት። በየቤቱ ተቀምጦ መኳረፍ ቀላል ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ ቺፑድ ብቻ መሐላቸው አድርገው ነው የሚሠሩት። ጭሮ ከተማ፣ ከመነኻሪያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ቢሮዎቹ በሚያስወጣው መንገድ ዳር አንድ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ለሁለት ከፍሎ ሲያከራየው በአንዱ ዘመናይ፣ በሌላው ረዲያ ገቡበት። ሁለቱም ሥራቸው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ግድግዳው ጣራው ጋ አይደርስም። አንዷ ስታነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» ትል ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ዘመናይ ጉንፋን ይዟት ስንቴ አነጠሰች፣ ከወዲያ በኩል ጭጭ ነው።

ዘመናይ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ያቆመችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ትለያለች እንጂ ቃሉ አይገባትም። መተየብ ያስተማረቻት ረዲያ ናት፤ ጣቷን እየያዘች፣ «ዘመን፣ ቀስ በይ፣ አይነክስሽም» እያለች። ያኔ ሹክሪያ፣ የረዲያ አንዲት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ትቀመጥ ነበር። ዘመናይ ልጅ አልወለደችም። ሰው «ልጅሽ ናት?» ሲላት፣ «አዎ» ብላ ታልፋለች፤ ረዲያም ሰምታ አታርማትም።

ጠባቸው እንዲህ ነው የመጣው። ሹክሪያ አድጋ ጂዳ ሄደች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ አርብ አርብ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ግማሽ ሰዓት ታገኝና በኢሞ ትደውላለች። ከአርብ ሌላ ቀን የላትም። ኢንተርኔቱን ሁለቱ ሴቶች እኩል አዋጥተው በረዲያ ስልክ ላይ የወር ጥቅል ይሞላሉ፤ ስልኩ ደግሞ በሆትስፖት ለሁለቱም ኮምፒውተር ያዳርሳል። የመስከረም መጨረሻው አርብ፣ ጥቅሉ በተሞላ በማግስቱ፣ ሹክሪያ ደወለች። «እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ዛሬውኑ—» አለችና ምስሏ እንደ ፎቶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ኔቱ አልቋል።

ረዲያ ስልኩን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ዘመናይ በር ላይ መጣች።

«ዘመን፣ ኔቱን ምን አደረግሽው?»

«ምን አደረግኩት? አልነካሁም።»

«ትናንት ማታ እኮ ነው የሞላነው። ባዶ ነው የሚለኝ።»

«አልነካሁም አልኩሽ።»

«ታዲያ ማን ነካው? እዚህ ቤት አንቺና እኔ ብቻ ነን።»

«ረዲያ፣ አልነካሁም! ሌባ ነሽ ነው የምትይኝ? ግማሹ እኮ የእኔ ብር ነው!»

ረዲያ ዞር አለችና ካርድ ልትገዛ ሮጠች። ካርዱን ፍቃ፣ ሞልታ፣ ስትደውል የሹክሪያ ግማሽ ሰዓት አብቅቷል። በማግስቱ ረዲያ ሆትስፖቱን ዘጋች። ዘመናይም እልኸኛ ናት፤ «ትዝጋው» አለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት በር ሲከፍቱ ሁለቱም አስፋልቱን ነው የሚያዩት።

ዘመናይ የምትምልበት ነገር ነበራት። በእርግጥም አልነካችም። ያን አርብ ኮምፒውተሯ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃስት ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ሆነና ነጭ ነጠብጣብ መሐሉ ላይ ይዞር ጀመር፤ ከሥሩም ቁጥር፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ። አንብቦ የሚነግራት ሰው አልነበረም። እንደ ሰው ደክሞት ነው ብላ ክርስቶስን «አደራህን አታሳጣኝ» እያለች መቶ እስኪሞላ ጠበቀችው። ተመልሶ ሲበራ መልኩ ትንሽ ተቀይሯል እንጂ ደህና ነበር። ብቻ መጻፊያው ስትከፍተው ከላዩ ላይ ቢጫ ጥብጣብ የመሰለ ነገር ይዞ መጣ። ቢጫው ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ደግሞ በየቀኑ ይቀንሳል።

የቁጥሩን ትርጉም የነገራት ከድሬዳዋ የመጣ፣ ጥቁር ሻንጣ ያንጠለጠለ ሰው ነው። በገበያ ቀን የጽሕፈት ቤቶቹን በር እያንኳኳ ሲዞር እሷም ጋ ገባ።

«እናቴ፣ መጻፊያሽ ሊዘጋ ነው። የተሰረቀ ነው የጫኑልሽ። ላይሰንስ ያስፈልግሻል።»

«መንጃ ፈቃድ?»

«የኮምፒውተር። ሱቅ ብትጠይቂ በሺዎች ነው። እኔ ጋ ግን የአንድ ፍየል ዋጋ እንኳ አይሆንም።»

የገዛችው አንዲት የተቆረጠች ወረቀት ነበረች፤ ላይዋ ላይ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር። ሰውየው እንዳትሳሳት ብሎ ጮክ ብሎ አንድ በአንድ አነበበላት፤ «ለማንም አታሳዪ፤ የቀደመ ከሞላው አለቀ» ብሏትም ሄደ። ዘመናይ ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከታ አስቀመጠቻት። አልሞላቻትም። ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት መልሷ ግልጽ ነው፤ ጥቅል ከተሞላ መቁጠር ይጀምራል፤ የድሮው ሳያልቅ አዲሱን መሙላት የድሮውን ማባከን ነው። ቢጫው ላይ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይታያል። ዐሥራ ሁለት ቀን ይበላ።

ያለቀው በኅዳር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢጫው ቀይ ሆነ። በዚያው ሰዓት ሌሊሳ የሚባል መምህር ላብ በላብ ሆኖ ከባጃጅ ወረደ። ቦኬ ነው የሚያስተምረው።

«አዴ ዘመናይ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ። የዝውውር ማመልከቻ ነው። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ብለው መለሱኝ፤ ዛሬ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ይዘጋል፣ የመጨረሻ ቀኑ ነው።»

«ወዴት ነው የምትዛወረው?»

«አሰቦት። ባለቤቴ እሴት እዚያ ነች። ወልዳልኝ ሃያ ቀኗ ነው፤ ልጁን ያየሁት ሁለቴ ነው።»

«እልል! ወንድ? ቁጭ በል። አሁን ነው የማወጣልህ።»

እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገች። አንድ ፊደል አይገባም። ደግማ መታች፤ ዝም። ሌሊሳ ከትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየና «ተዘግቷል» አላት። «አፕዴት ሲያደርግ፣ ራሱን ሲያድስ ማለቴ ነው፣ የድሮው መጻፊያ የተሰረቀ መሆኑን አውቆበት ነው።»

«ማን ነው አፕዴት ያደረገው? እኔ አልነካሁም።»

«እሱ መች ይጠይቃል፣ አዴ። ኔት ካገኘ ራሱ ይስባል። ሳይነግርም ይጀምራል።»

«ከየት ነው የሚስበው?»

«ከተያያዘበት ኔት ነዋ። ሦስት ጊጋ፣ አራት ጊጋ ጭልጥ ያደርጋል። የእኛ ትምህርት ቤት የወሩን በአንድ ጠዋት ጨርሶት ያውቃል።»

ዘመናይ ድምፅዋ ቀጠነ። «ሰማያዊ ሆኖ… ነጭ ነጠብጣብ እየዞረ… ቁጥር እየጨመረ…?»

«እሱ ነው! እሱ ከመጣ ስቦ ጨርሷል ማለት ነው።»

ዘመናይ ሁለት ወር ሙሉ «አልነካሁም» ብላ አንገቷን ቀጥ አድርጋ የሄደችበት ኩራት እየተንጠባጠበ ወደ እግሯ ሲወርድ ታወቃት። እውነቷን ነው፣ አልነካችም። ግን የበላው የእሷ ኮምፒውተር ነው። የሹክሪያን ፊት ቀጥ አድርጎ ያስቀረው እዚህ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ስትጸልይለት ነበር።

«አዴ፣ ሰዓቱ…» አለ ሌሊሳ።

«እ… አለኝ፤ አዲስ ላይሰንስ አለኝ።» መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠችና ወረቀቷን ሰጠችው። ሌሊሳ የራሱን ስልክ ኔት አያይዞ ሃያ አምስቱንም እየተጠነቀቀ አስገባ። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጻፈ።

«ምን ይላል?»

«አይሆንም ይላል። ይኼ ቁጥር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገብቷል ይላል።»

የድሬዳዋው ሰውዬ ጋ ደወለች። ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። በዚህ መሐል ከግድግዳው ማዶ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ረዲያ እየጻፈች ነው። የዘመናይ መጻፊያ ተዘግቶ የእሷ ይሠራል። ዘመናይ ጆሮዋን ጣለች። ሰውየው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፤ ግድግዳው ደግሞ ጣራ አይደርስም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነው፤ ዘመናይ ደስ አላት። ረዲያ ሌባ ሆና ብትገኝ ምንኛ በተገላገለች! አንቺ ቁጥሬን ሰረቅሽኝ፣ እኔ ኔትሽን በላሁብሽ፣ ተቻቻልን፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ ሳይወጣ ያልቃል። ወረቀቷን ነጥቃ ወጣች። ሌሊሳ ማመልከቻውን ይዞ ተከተላት።

ረዲያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የአንድ ሰው የቤት ኪራይ ውል እየተየበች ነበር። ዘመናይን በሯ ላይ ስታይ እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ይኼን ቁጥር ታውቂዋለሽ?» አለች ዘመናይ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ሆነ።

ረዲያ ወረቀቷን አየች። ስልኳን አነሳች፣ የጀርባ ሽፋኑን አወለቀች፣ ከውስጡ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት። ያው ወረቀት ናት፤ በዚያው መቀስ የተቆረጠች ትመስላለች።

«መምህር፣ አንብብልን» አለች ረዲያ። «አንተ እንግሊዝኛውን ታውቃለህ።»

ሌሊሳ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዞ ፊደል በፊደል አነበበ። ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ ሳቁ አመለጠው። ሃያ አምስተኛው ድረስ አንድም አልተለያየም።

«አንዷ በሌለችበት ሰዓት እየመጣ ለሁለታችንም አንድ ቁጥር ሸጦልን ሄደ!» አለች ረዲያ። «ያ ሸይጧን! ‹ለማንም አታሳዪ› ያለኝ ለዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ ሰው እንዳያየው ብዬ ስልኬ ሥር ይዤው አድራለሁ።»

«እኔ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነበር ያደረግኩት።»

«አንቺ ከእኔ ትብሻለሽ፤ ሌባውን ከእግዜር ቃል ጋር አስቀመጥሽው።»

ዘመናይ ልትስቅ ፈለገች፤ አልመጣላትም። የተደገፈችበት ምክንያት ከሥሯ ተነሥቷል። ረዲያ አልሰረቀችም። ብድር የለም፣ መቻቻል የለም። የቀረው የእሷ ብቻ ነው። ሌሊሳ ማመልከቻውን በእጁ እያሻሸ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጁን ለምን ታቆሚዋለሽ?» አለች ረዲያ ወንበሯን ወደ ኋላ እየገፋች። «ነይ ግቢ፣ እዚህ ጻፊለት። የእኔ ይሠራል። ኮቱ፣ ታኢ።»

ና፣ ተቀመጥ የሚባለው በዚያ አገር እንዲሁ ለማንም ነው። ዘመናይን ግን ያ ቃል ወጋት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ጫፉን ይዛ ቆመች።

«ረዱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የዚያን ቀን። ኮምፒውተሬ ነው የበላው። አሁን መምህሩ ነገረኝ። ራሱ ነው የሚስበው አሉ። እኔ አልነካሁም፣ ግን… የእኔ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ምኑ ነው የገባሽ?»

«የእኔም በጥቅምት እንደዚያው አደረገ። ነጩ ነገር ሲዞር ሲዞር ዋለና ስልኬን ባየው ጥቅሉ ባዶ። ያኔ አልኩ፣ ዘመን እውነቷን ነው፣ አልነካችም።»

«ታዲያ አውቀሽ ወር ሙሉ ዝም አልሽኝ!»

«እኔ የተቀየምኩሽ በኔቱ መሰለሽ?» ረዲያ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በሻሿ ጫፍ መጥረግ ጀመረች፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። «ወላሂ፣ ኔቱን እርሺው። በርሽ ላይ ስቆም እኮ እንባዬ እየወረደ ነበር። አንቺ ያልሽኝ ‹አልነካሁም› ነው። ሦስቴ አልሽኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። አንዴ እንኳ ‹ሹክሪያ ምን ሆነች? ምን አለች?› አላልሽኝም። ልጅቷ የእኔ ብቻ ናት እንዴ?»

ዘመናይ በሁለት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ክርክሩን በልቧ ደግማዋለች፤ እሷ ስትል፣ ረዲያ ስትል፣ እሷ ስትረታ። ይኼኛው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። እውነትም አልጠየቀችም።

«ምን… ምን ነበር ልትጠይቅሽ የነበረው?» አለች ቀስ ብላ።

«አሁን ነው የምትጠይቂው?»

«አሁን ነው የመጣሁት።»

ረዲያ መነጽሯን አደረገች። «ኮንትራቷ አልቆ ነበር። ልምጣ ወይስ ልፈርም ነው ያለችው። እመቤቷ መልሱን በዚያው ቀን ነው የፈለገችው። እኔን ስታጣኝ ጊዜ ፈረመች። አንድ ዓመት።»

ከውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ዘመናይ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አንድ ዓመት። ያ ነጭ ነጠብጣብ እየዞረ የቆጠረው ለካ ይኼን ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከነጠላው ውስጥ፣ «ልጄን» አለች፤ «ልጄን እዚያው አስቀረኋት።» ለሰው ሁሉ «አዎ» እያለች ታልፍ የነበረችውን፣ ረዲያ ፊት ግን አፏን ሞልታ ብላው የማታውቀውን ቃል ነበር የተናገረችው።

ረዲያ ሰማች፤ እንደ ድሮው አላረመቻትም። መጥታ ነጠላውን ከፊቷ ላይ ገለጠችው።

«ተይ እንግዲህ። ሁለት ወሩ እኮ ሄዷል» አለቻት። «ዐሥር ነው የቀረው። ዐሥር ወር ምን አላት? ኢንሻአላህ ትመጣለች። ከዚያ ላይ ደሞዟን ጨምረውላታል። ደግሞ ባለፈው አርብ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እቴቴ ዘመናይስ ለምን አትታይም?› አለችኝ። ደንበኛ በዝቶባት ነው አልኳት። ስንት ጊዜ ዋሸሁልሽ መሰለሽ! ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ደንበኛ በዝቶባት…» ዘመናይ እያለቀሰች ሳቀች። «ፎቶ ኮፒ የሚያስደርግ እንኳ የለኝም እኮ።»

«አዴዎች» አለ ሌሊሳ ከበሩ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ፤ «በእናታችሁ። ዐሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እኔም ልጅ አለኝ።»

ሁለቱም ደነገጡ። ዘመናይ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። «በል ስጠን። ሰው አስቁመን ሙሾ እናወርዳለን እኛ ደግሞ።»

«ግን ቁጥሩ አንቺ ጋ ነው የገባው» አለች ወደ ረዲያ ቀና ብላ። «ከእንግዲህ እኔ የት ነው የምጽፈው?»

«እዚሁ ነዋ። የገዛነው ሁለታችን ነን። ጠዋት አንቺ፣ ከሰዓት እኔ። ሲበዛብን ደግሞ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትመታለች። በይ አሁን ጀምሪ።»

የሌሊሳ የእጅ ጽሑፍ ጉንዳን የሄደበት ይመስል ነበር። ረዲያ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ታነባለች፣ ዘመናይ ትመታለች።

«‹ጉዳዩ፦ የሥራ ዝውውር ስለመጠየቅ›» አለች ረዲያ።

«ስለ… መጠየቅ። እሺ። ከሳች እንዴ?»

«ማ?»

«ሹክሪያ ናታ!»

«ኧረ ወፍራለች፣ አልሐምዱሊላህ። ጉንጯ እንዲህ። ‹ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኔ አመልካች በቦኬ ወረዳ…›»

«በቦኬ ወረዳ። ያ የሚያማት ጥርሷስ?»

«አስነቀለችው። እመቤቷ ራሷ ወሰደቻት። ‹…ላለፉት አራት ዓመታት በመምህርነት ሳገለግል ቆይቻለሁ።›»

«ላለፉት አራት ዓመታት… አመማት?»

«ሁለት ቀን አልበላችም አለች። ‹ባለቤቴ በአሰቦት ከተማ…›»

ሌሊሳ ከኋላቸው ሆኖ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ነበር። ድንገት እጁን ዘረጋ። «አዴ ዘመናይ! አዴ ዘመናይ፣ ይቁሙ! እኔ ጥርሷን አስነቀለች ብዬ አልጻፍኩም!»

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ስክሪኑን አዩት። እውነትም ተጽፏል፤ በቦኬ ወረዳና በባለቤቱ መካከል፣ ጥርሷን አስነቀለች፣ ሁለት ቀን አልበላችም። ረዲያ ወረቀቱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

«እኔ ላጥፋው?» አለ ሌሊሳ።

«አጠፋዋለሁ፣ ቆይ» አለች ዘመናይ። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችውና፣ ከመጨረሻው ጀምራ አንድ አንድ ፊደል እያጠፋች ወደ ኋላ ሄደች። «አንቺ ግን አታቋርጪ፣ ረዱ። ሌላስ? ሌላስ ምን አለች?»